ወደ ሐዋሳ ሲጓዙ፦ ከመነሳትዎ በፊት፣ በቆይታዎና ከተመለሱ በኋላ ማወቅ ያለብዎት

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐይቁ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለጫጉላ፣ ለገብርኤል ንግሥ፣ ለፍቼ ጨምበላላ በዓል ወይም እንዲሁ ለሁለት ቀን ዕረፍት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። እኔ የምሠራው መሃል ከተማ ውስጥ በሚገኝ ክሊኒክ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ከማክማቸው ሰዎች የተወሰኑት እንግዶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ እነሱ ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ እንዲሁም ቢጠይቁኝ ደስ የሚለኝን ጉዳይ ይዟል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገርዎ። ከጉዞው ጋር የሚያያዙት ዋና ዋና ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ ሐዋሳ ላይ እያሉ አይታዩም። የሚታዩት ቤትዎ ከገቡ ከሳምንት፣ ከወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከቆዩ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከመነሳትዎ በፊት ብቻ ሳይሆን ከተመለሱም በኋላ መለስ ብለው ቢያዩት ይጠቅምዎታል።

ከመነሳትዎ በፊት ሐኪም ማማከር ያለብዎት ማን ነዎት?

ጤነኛ ጎልማሳ ከሆኑና ለሁለት ሦስት ቀን የሚመጡ ከሆነ የተለየ ምርመራ አያስፈልግዎትም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይዘው የሚመጡ ከሆነ፣ ጣፊያዎ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ከሆነ፣ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም የልብ፣ የኩላሊት፣ የስኳር ሕመም ካለብዎት ግን ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት የሚከታተልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ።

ብዙ ሰው «ከፍታው ያስቸግረኝ ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ወደ ታች እየወረዱ ነው ማለት ነው። የሳንባና የልብ ታካሚዎች እንዲያውም እዚህ ትንፋሻቸው ቀለል ሲላቸው አያለሁ። ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባው ሙቀቱን ነው፤ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት። የደም ግፊትዎን የሚቆጣጠሩት ሽንት በሚያበዛ መድኃኒት ከሆነና ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ከዋሉ ውሃ ያጥርዎታል፤ ሲነሱ ያዞርዎታል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ውሃ ይጠጡ፣ ጥላ ይፈልጉ፣ ከተቀመጡበት ሲነሱም ቀስ ይበሉ።

ከውጭ አገር የሚመጡ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካልወሰዱ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ ሁለቱም ከሐዋሳ ያን ያህል ሩቅ አይደሉም። ክትባቱ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልክ ይበቃል። መሥራት የሚጀምረው ግን ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሆኖ የሚታሰብ ነገር አይደለም። የታይፎይድና የሄፓታይተስ ኤ ክትባትም አብሮ ቢወሰድ ጥሩ ነው።

መድኃኒትዎን እንዴት ይያዙ?

ከሚቆዩበት ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት የሚተርፍ መድኃኒት ይያዙ። በሻንጣ ሆኖ መኪና ጣሪያ ላይ ወይም አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዎ ይሁን። ከውጭ የሚመጡ ደግሞ የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ዋናውን የመድኃኒት ስምና መጠኑን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ እዚያ በአንድ ስም የሚያውቁት ክኒን እዚህ ፋርማሲ ውስጥ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። «ትንሿ ነጭ ክኒን» ብለው የሚመጡ ሰዎችን መርዳት በጣም ይከብደናል፤ ትናንሽ ነጭ ክኒኖች እጅግ ብዙ ናቸውና።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ፣ በመጠቀም ላይ ያለው ብልቃጥ ወይም ፔን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ትልቁ ጠላቱ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ነው። ባቱ ላይ ለምሳ ሲወርዱ ቦርሳውን ይዘው ይውረዱ። በረዶ ላይ በቀጥታም አያስቀምጡት፤ የቀዘቀዘ ሳይሆን የበረደ ኢንሱሊን፣ ማለትም አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን፣ ቢቀልጥም አይሠራም።

ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል የሚመጡ የስኳር ታካሚዎችን ለብቻ አንሥቼ ላናግራቸው እፈልጋለሁ። በዓሉ በነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል። ሌሊት ተነሥቶ መንገድ፣ ከዚያ ረጅም ሰዓት መቆም፣ ምግብ የለም፤ ኢንሱሊኑ ወይም ክኒኑ ግን እንደ ወትሮው ተወስዷል። በሕዝቡ መካከል ላብ በላብ ሆነው የሚወድቁ ሰዎች አንዳንዶቹ ስኳራቸው ወርዶ ነው። ለመጾም ከወሰኑ መድኃኒትዎ እንዴት እንደሚስተካከል አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ኪስዎ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር። መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ የልብ ምት መጨመር ከተሰማዎት ወዲያው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙት። አብሮዎት ያለ ሰው የስኳር ታካሚ መሆንዎን ይወቅ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም።

መንገዱ

መንገደኛን ከበሽታ ይልቅ የሚጎዳው የመኪና አደጋ ነው። ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በኩል ያለው ጉዞ አምስት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። በፍጥነት መንገዱ ላይ በተለቀቀ ፍጥነት የለመደ ሾፌር ወደ አሮጌው መንገድ ሲገባ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ ይጠብቁታል። በሌሊት አይጓዙ። ከኋላ ቢቀመጡም ቀበቶ ይሰሩ፤ ሕፃን ልጅን በጭንዎ ይዘው ፊት ወንበር ላይ አይቀመጡ። ልጁን አጥብቄ እይዘዋለሁ የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ በግጭት ጊዜ ግን የማንም ክንድ አይይዝም።

ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ከ10 ሰዓት በላይ በርረው፣ በማግሥቱ ደግሞ አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ የሚቀመጡ ከሆነ እግርዎ ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ ከፍ ይላል። በተለይ በቅርቡ የወለዱ፣ ቀዶ ጥገና ያደረጉ፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ወይም ከዚህ ቀደም ደም ረግቶባቸው የሚያውቁ ይጠንቀቁ። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይራመዱ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባቱ ካመመዎት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት «የመንገድ ድካም ነው» ብለው አይተኙ፤ በዚያው ዕለት ይታዩ።

ወባ

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱ አክስቴ ናት።

አክስቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። በጥቅምት ወር ለእህቴ ሠርግ መጥታ እኛ ቤት ሦስት ሌሊት አደረች። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ድንኳኑ ሥር ተቀምጣ ከሴቶቹ ጋር ስትጫወት ታመሻለች። ወደ ቤቷ ከተመለሰች ከዘጠኝ ቀን በኋላ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ጀመራት። ሰፈሯ ወዳለ ክሊኒክ ሄደች፤ ደሟ ታይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባለችና መርፌ ተጀመረላት። ሐዋሳ ነበርሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም አላነሳችም። ሠርግ ከበሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል? በአምስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ የምትናገረው ተምታትቶ ሆስፒታል ገባች። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ነበር። ተርፋለች። እኔ ሐኪም ሆኜ፣ ያውም የምኖርበት ከተማ መጥታ፣ ስትሄድ አንዲት ቃል ሳልነግራት መቅረቴ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ወባ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ይገኛል። ሐዋሳ ከዚያ በታች ናት። ዋናው ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ በሚያዝያና በግንቦትም ይነሣል። የሠርግ ወቅቶችም እነዚሁ መሆናቸውን ልብ ይሏል። በአገር አቀፍ ደረጃም በሽታው በቅርብ ዓመታት ብሶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በመላ ኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል።

ወባ በሚበዛበት ቦታ ለዓመታት የኖረ ጎልማሳ ደጋግሞ ስለሚያዝ ከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ አቅም የለውም። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሐዋሳ ተወልዶ አድጎ፣ ውጭ አገር 10 ዓመት ኖሮ የሚመጣው ነው። «ልጅ ሆኜ ስንቴ ይዞኝ ያውቃል፤ እኔን አይነካኝም» ይለኛል። ይነካዋል። ያ አቅም ለጥቂት ዓመታት ካልተጠቀሙበት እየጠፋ ይሄዳል፤ እዚያ የተወለዱት ልጆቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በዋናነት የምትናከሰው ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ነው። አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ወይም በድንኳን ሲቀመጡ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ፋርማሲ የሚሸጠውን የትንኝ መከላከያ ቅባት እጅዎና ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ይቀቡ። በአጎበር ውስጥ ይተኙ። ብዙ ሆቴሎች አጎበር አላቸው፤ ካልሰቀሉት ይጠይቁ እንጂ አይፈሩ። ዘመድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ የራስዎን ይዘው ይምጡ። «ቤታችንን ናቀች» ይሉኛል ብለው አይስጉ፤ ለልጁ ነው ይበሉ፣ ማንም አይከፋም።

የመከላከያ ክኒንን በተመለከተ፣ ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት እዚያው ካለ ሐኪም ማዘዣ ቢወስዱ ይሻላል። ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተመለሱም በኋላ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። አቶቫኮን ፕሮጓኒል ከተመለሱ በኋላ ለ7 ቀን ብቻ ይበቃዋል፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ሜፍሎኩዊን በሳምንት አንዴ ነው፤ የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። ድሮ የምናውቀው ክሎሮኩዊን እዚህ አገር ፋልሲፓረምን ስለማይከላከል በእሱ አይተማመኑ። ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን ለሚመጣ ጤነኛ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ ክኒን አናዝም፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ጣፊያ ከሌለዎት ግን ለብቻዎ ይጠይቁ፤ የወባው ወቅት ከሆነና ጉዞው የግድ ካልሆነ ማዘግየትም አንድ ምርጫ ነው።

ሐይቁ

የሐዋሳ ሐይቅ ሲያዩት ልብ ያሳርፋል፤ በፍቅር ሐይቅ በኩል ማምሸት የከተማው ነዋሪም ዋና መዝናኛ ነው። መመልከትና በጀልባ መሄድ ችግር የለውም። ችግሩ በዳርቻው፣ በተለይ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እግርን ነክሮ መቆም፣ መዋኘትና መታጠብ ነው። እዚያ የሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል ይለቃሉ። እጩ ትሉ በዓይን አይታይም፤ ቆዳን ሰንጥቆ የሚገባውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በሐይቁ ዙሪያ በሚኖሩ ልጆች ላይ በሽታው መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው።

«ወዲያው በፎጣ ብደርቅስ?» ይሉኛል። ቶሎ መደራረቅ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ የሚተማመኑበት ግን አይደለም። መዋኘት ካማረዎት የሆቴል ገንዳ አለ። ጀልባ ሲሳፈሩ የሕይወት አድን ጃኬት ይጠይቁ፤ ከሌለ አይሳፈሩ፤ ዋና የሚችል ሰውም ቢሆን። ጉማሬ ሊያዩ ከሄዱ ጀልባ ነጂው እንዲጠጋ አይገፋፉት። ጉማሬ ሰላማዊ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ማታ ደግሞ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ስለሚወጣ ከጨለማ በኋላ በሐይቁ ዳር ጭር ባለ ቦታ በእግር አይሂዱ።

ውሃው ውስጥ ገብተው ከነበረ አይደንግጡ፤ በሽታው በቀላሉ የሚድን ነው። ከገቡበት ቀን ጀምሮ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ሽፍታና የሆድ ቁርጠት ከመጣ ለሐኪም ይንገሩ። ምንም ምልክት ባይኖርም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ቶሎ መዋጥ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ገና ያላደጉትን ትሎች አይገድልም፤ ለዚህ ነው መቆየት የሚያስፈልገው። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል።

አሳና ሌላውም ምግብ

አሞራ ገደል ሄዶ አሳ ሳይበላ የሚመለስ እንግዳ የለም። ከዘይቱ ትኩስ የወጣ ቆሮሶ ወይም የሚፋጅ የአሳ ሾርባ ምንም አያደርግዎትም፤ ይብሉ። ጥያቄው ስለ ጥሬው ነው። በከተማችን አሳን በጥሬው ቆራርጦ በዳጣ የሚበላ ብዙ ነው፤ እኔም ተማሪ እያለሁ በልቻለሁ። ነገር ግን በሐይቁ አሳዎች ላይ ጥገኛ ትሎች ይገኛሉ፤ ዳጣውም ሎሚውም አይገድላቸውም። ሎሚ ሥጋውን ነጭ ስለሚያደርገው የበሰለ ያስመስለዋል እንጂ አያበስለውም። ጥገኛ ትሎችን የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ማቆየት። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አዛውንትና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥሬውን ፈጽሞ ባይነኩት ይሻላል። ጥሬ ሥጋም ኮሶ ያመጣል፤ ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለ ለረጅም ጊዜ የሚያሰቃይ ትኩሳት። ቡርሳሜውን ግን በቅቤ ራስ አድርገው ይብሉ።

የአሳ አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲሰካ ሁሉም ሰው አንድ ምክር አለው፦ ደረቅ ዳቦ ዋጥ። አይዋጡ። አጥንቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ውሃ ይጎንጩ፣ ቀስ ብለው ይሳሉ፤ ካልወጣ ክሊኒክ ይሂዱ። ምራቅ መዋጥ ካቃተዎት፣ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ደም ከተፉ በቀጥታ ሆስፒታል። ልጅ ሲያበሉ አጥንቱን በጣትዎ ይልቀሙ፤ መብራቱ ደካማ በሆነበት ማታ አይመገቡት።

ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይጠጡ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ይህ ለጥቂት ቀን ቆይታ አያሳስብም፤ ጥርሳቸው ገና ያልወጣ ልጆች ይዘው ለመኖር የሚመጡ ከሆነ ግን የምትጠቀሙበት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ።

ተቅማጥ ከጀመረዎት ከፋርማሲ ኦአርኤስ ይግዙ። ካላገኙ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ቀስ እያሉ ይጠጡ። ጨውን ከግማሽ ማንኪያ አያስበልጡ፤ ለሕፃን አደገኛ ነው። በራስዎ አንቲባዮቲክ አይጀምሩ። ሰገራው ደም ካለበት፣ እንደ ሩዝ ውሃ ሆኖ በብዛት ከወረደ፣ ሕፃኑ ከፈዘዘ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ወዲያው ይምጡ።

ጦጣ፣ ጉሬዛና ውሻ

በአሞራ ገደልም በሆቴሎች ግቢም ጦጣና ጉሬዛ ሰውን ለምደዋል። ሙዝ ለመቀበል ትከሻ ላይ ይወጣሉ፤ ፎቶውም ያምራል። ንክሻቸውና ጭረታቸው ግን እንደ ውሻ ንክሻ ይቆጠራል። ማንኛውም ንክሻ ወይም ደም ያወጣ ጭረት በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰዓት አይተው ይጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከሚያስቡት ይረዝማል። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጀምሩ። ጉዞዎ ስላለቀ «አዲስ አበባ ስደርስ» ብለው አያሳድሩት። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ አይድንም፤ ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ደግሞ ያድናል። ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት ቢወስዱም ክትባቱን አይተዉ።

ወንዶ ገነት ፍል ውሃ

ከሐዋሳ ጎን ጎን ብዙ ሰው ወደ ወንዶ ገነት ይሄዳል። ለሚያምም መገጣጠሚያ ሙቀቱ ያስታግሳል። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት በጣም ሞቃት ውሃ ውስጥ አይቆዩ። የስኳር ታካሚ ከሆኑ ደግሞ ውሃውን በእግርዎ አይለኩ። እግሩ የደነዘዘ ሰው መቃጠሉ አይሰማውም፤ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ነው ውሃ የቋጠረውን የሚያየው። በክርንዎ ይለኩ፣ ወይም አብሮዎት ያለ ሰው ይለካልዎ፤ ከወጡ በኋላም እግርዎን መርምረው ያድርቁ።

ቢታመሙ ወዴት?

ለቀላል ሕመም በመሃል ከተማና በአካባቢው የግል ክሊኒኮችና ፋርማሲዎች በብዛት አሉ። ለከባድ አደጋ፣ ለደረት ሕመም፣ ለስትሮክ ምልክት፣ ለወሊድ ችግር የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ የከተማው ሰው «ሪፈራል» ነው የሚለው፤ ባጃጅ ነጂውም በዚሁ ስም ያውቀዋል። አዳሬ ሆስፒታልም መንግሥታዊ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ሆቴሉን መኪና ይጠይቁ። መታወቂያ፣ የጤና ካርድዎን ወይም የመጨረሻ የምርመራ ወረቀትዎን ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይ ይያዙት።

ከተመለሱ በኋላ

ሐዋሳ በደረሱ በሦስተኛው ቀን የሚነሣ ትኩሳት እዚህ በተነከሱት ትንኝ የመጣ ወባ አይደለም፤ ወባ ቢያንስ 7 ቀን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ሁሉ ግን ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው ተብሎ ይታሰብ። ፋልሲፓረም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይታያል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። የመከላከያ ክኒን ወስደው ቢሆንም ይመርመሩ።

ክሊኒክ ሲገቡ ማንም ባይጠይቅዎት እንኳ እንዲህ ይበሉ፦ «ከዚህን ቀን እስከዚህን ቀን ሐዋሳ ነበርኩ፤ የወባ ምርመራ ይሠራልኝ።» የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ቢሆንና ትኩሳቱ ቢቀጥል በ12 እና በ24 ሰዓት ይደገም። «ታይፎይድ» የሚል ውጤት ወባ አለመኖሩን አያሳይም። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ከዓመታት በፊት በታመሙትም በወሰዱት ክትባትም ምክንያት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

ወባ ሆኖ ኮአርተም ከታዘዘልዎት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱት፤ አለዚያ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ጾም ከሆነ ዘይት ያለው ወጥ ወይም ለውዝ ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ቢሻልዎትም ሦስቱን ቀን ይጨርሱ። ለቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋ ፕሪማኩዊን የተባለ ተጨማሪ መድኃኒት አለ፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ሰውነታቸው የማይቀበለው ሰዎች ስላሉም ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ አቁመው ወዲያው ይመለሱ።

ከትኩሳት ጋር መዘባረቅ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የሽንት መቀነስ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ካለ ክሊኒክ ሳይሆን ሆስፒታል፤ ሌሊትም ቢሆን። አብሮዎት የተጓዘ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ትኩሳት ካለው እሱም በዚያው ቀን ይመርመር። በሠርጉ አብረውዎት ያመሹትም ከየቤታቸው ደውለው ደህና መሆናቸውን ቢጠይቋቸው መልካም ነው፤ አክስቴ ከዳነች በኋላ ስንደውል ሌሎች ሁለት እንግዶችም ያለ ምርመራ ቤታቸው ተኝተው ነበር።